ካውያ የማይነካው ሞጁል

በዱርቤቴም ሆነ በቡሬና በፍኖተ ሰላም፣ የወፍጮ ሞተር የሚያዞር ኢንቨርተር ወይም የፀሐይ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ተቃጥሎ ጠጋኝ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የሚሞቀው ካውያ ነው። ልማዱ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ጥገና የተወረሰ ስለሆነ አይገርምም። ከጥቂት ኪሎዋት በላይ የሚሸከሙ ብዙ ዘመናዊ ኢንቨርተሮች ግን ኃይሉን የሚያበራና የሚያጠፋው ሞጁላቸው ቦርዱ ላይ በሊድ አልተያዘም፤ ፒኖቹ በቦርዱ ቀዳዳዎች ውስጥ በግፊት ብቻ ገብተው ቆመዋል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው ሞጁል እንዴት እንደሚነቀል፣ ቀዳዳው እንዴት እንደሚመረመርና አዲሱ እንዴት እንደሚተከል ያሳያል። የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ በግፊት የተሠራው በግፊት ይጠገን። ለዚህ የሚጎድለን ማሽኑ ሳይሆን መለኪያው ነው።

ሥራውን የሚሠራው የፒኑ ቅርጽ ነው። ከጫፉ ዝቅ ብሎ ሰፋ ይላል፤ መሐሉ እንደ መርፌ ዓይን ክፍት ነው። ከቀዳዳው ጥቂት ስለሚበልጥ ሲገፋ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ ውስጥ ይታጠፋሉ፤ ከገባ በኋላም ወደ ውጭ መግፋታቸውን አያቆሙም። በዚህ ግፊት የፒኑ የቆርቆሮ ሽፋንና የቀዳዳው ግድግዳ እየተፋተጉ ላያቸው ላይ ያለውን ኦክሳይድ ይፍቃሉ፤ ንጹሕ ብረት ከንጹሕ ብረት ይገናኛል፤ አየርና እርጥበት የማያልፍበት መጋጠሚያ ይፈጠራል። አይኢሲ 60352-5 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ የተጻፈው ለእንዲህ ዓይነቱ መጋጠሚያ ነው። ነገሩ ለአካባቢው እጅ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። የጭነት መኪና ዲናሞ የሚጠግን ባለሙያ በብዙዎቹ ዲናሞዎች ላይ ክብ ዳዮዶቹን ከአሉሚኒየም ሳህናቸው በፕሬስ አውጥቶ አዲሶቹን በፕሬስ ያስገባል፤ ሊድ የሚነካው የዳዮዱን እግር ብቻ ነው። ጋራዡ ለዓመታት ያወቀውን የኤሌክትሮኒክስ ጠረጴዛው ገና አልተቀበለውም።

የሲመንስ ኤስ ኤን 29500 መመዘኛ ከአንድ መጋጠሚያ የሚጠበቀውን ብልሽት በቢሊዮን ሰዓት ሲያስቀምጥ በእጅ ለተበየደው 0.5፣ በማሽን ለተበየደው 0.03፣ በግፊት ለተተከለው 0.005 ይሰጣል። በእጅ የተበየደው በግፊት ከተተከለው 100 እጥፍ ይበላሻል ማለት ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ቁጥር ብቻ ማንንም ማሳመን አልፈልግም። 30 ፒን ያለው ሞጁል ሙሉ በሙሉ በእጅ ቢበየድ እንኳ በቢሊዮን ሰዓት 15 ብልሽት ነው የሚደርሰው፤ አንድ ወፍጮ ቤት በዕድሜ ልኩ የማያየው ነገር ነው። ዋናው ጉዳይ መመዘኛው የሚያስበው እጅ የትኛው ነው የሚለው ነው። እዚያ የታሰበው የሠለጠነ ሠራተኛ፣ ሙቀቱ የተስተካከለ ካውያና ንጹሕ ቦርድ ያለበት ፋብሪካ ነው። በእኛ ጠረጴዛ ላይ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ 60 ዋት ካውያና መዳቡ 70 ወይም 105 ማይክሮን የወፈረ የኃይል ቦርድ ነው። ወፍራም መዳብ ሙቀቱን ከካውያው ጫፍ እየነጠቀ ወደ ቦርዱ ሁሉ ይበትነዋል፤ እርሳስ ያለበት ሊድ በ183 ዲግሪ፣ እርሳስ የሌለበት በ217 ዲግሪ አካባቢ መቅለጥ ሲገባው ከላይ ብቻ ይቀልጥና ቀዳዳው ውስጥ ሳይወርድ ይቀራል። ጠጋኙ ይህን ለማካካስ ካውያውን ሲያግልና ሲያቆይ ደግሞ የመዳቡ ቀለበት ከቦርዱ ይላቀቃል። ያኔ የጠፋው ሞጁሉ ብቻ መሆኑ ይቀርና ቦርዱም ይከተላል።

በዚህ ላይ አካባቢው የራሱን ያክልበታል። ከባሕር ዳር በመራዊና በዱርቤቴ አልፎ ወደ ዳንግላ፣ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚሄደው መንገድ 1,800 ሜትር ገደማና ከዚያ በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ማራገቢያው በየዙሩ የሚያነሳው ሙቀት ያንሳል፤ የኢንቨርተር አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከመሸከም አቅሙ 1 በመቶ ያህል እንዲቀነስ የሚመክሩት ለዚህ ነው። የወፍጮ ሥራ ደግሞ ቀጥ ያለ አይደለም። ባለጤፉ ይመጣል፣ ሞተሩ ይነሳል፤ ወረፋው ሲቋረጥ ይቆማል፤ መብራት ሲሄድ በድንገት ይበርዳል። ሙቀቱ በወጣና በወረደ ቁጥር ቦርዱ በውፍረቱ አቅጣጫ ከመዳቡ ይበልጥ ይለጠጣል፣ ይኮማተራል፤ በመሐል ያለው ሊድ እየደከመ ዙሪያውን ይሰነጠቃል። የወፍጮው ንዝረት ስንጥቁን ያሰፋዋል፤ ዱቄቱና የክረምቱ እርጥበት በቦርዱ ላይ ከቀረ ፍላክስ ጋር ተደባልቆ ቀሪውን ይሠራል። በግፊት የተተከለ ፒን ከቦርዱ ጋር አብሮ የሚለጠጥ ስለሆነ ይህን ሁሉ በተሻለ ይችለዋል።

አስተዋይ አንባቢ እዚህ ላይ ትክክለኛ ጥያቄ ያነሳል፦ ሞጁል የሚሞተው ከውስጥ ነው፤ ቺፑ ይቃጠላል፣ በውስጡ ያሉት ቀጫጭን የአሉሚኒየም ሽቦዎች ይላቀቃሉ እንጂ ፒኑ ምን አደረገ? እውነት ነው። በግፊት መተከሉ አንድን ሞጁል ከአጭር ዙር አያድነውም። ነገር ግን ክርክሩ ስለ መጀመሪያው ሞት አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጥገና ነው። በሊድ የተያዘውን 30 ፒን ለመንቀል ቦርዱ 30 ጊዜ ይቃጠላል። በግፊት የተያዘው ፒኖቹ በአንድነት ተገፍተው ይወጣል፤ ቦርዱም ሙቀት ሳይነካው አዲሱን ይቀበላል። አምራቾች በአንድ ቀዳዳ ሦስት ጊዜ ያህል መትከልን ይፈቅዳሉ፤ ይኸውም የፋብሪካው አንድ፣ ከዚያም ሁለት ጥገና መሆኑ ነው። መለዋወጫ ቦርድ ከአዲስ አበባ፣ አልፎም ከውጭ ለሚያስመጣ ሰው የቦርዱ መትረፍ ከሞጁሉ መትረፍ ይበልጣል።

እንግዲህ ወደ ሥራው። በመጀመሪያ በእጅዎ ያለው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ይለዩ። ቦርዱን ከላይ ሲመለከቱ በፒኖቹ ዙሪያ የሚያብለጨልጭ የሊድ ጉብታ ከሌለና የፒኑ ጫፍ ከባዶ ቀዳዳ ብቅ ብሎ ከታየ፣ በግፊት የተተከለ ነው። ቀዳዳ የሚባል ነገር ጭራሽ ከሌለና በቦርዱ ሥር ክብ የመዳብ ነጥቦች ብቻ ካሉ፣ እንደ ሴሚክሮን ሚኒስኪፕ ያለ የስፕሪንግ ሞጁል ነው። እሱ ፕሬስም ካውያም አይፈልግም፤ ከላይ ያለው ቡሎን ሲፈታ ይለያያል፣ በታዘዘው ኃይል ሲጠብቅ ይገጠማል፤ የእርስዎ ድርሻ ነጥቦቹን በአልኮል ማጽዳትና በጣት አለመንካት ነው። በትናንሽ የኢንቨርተር ብየዳ ማሽኖች ውስጥ የሚገኙት ባለ ሦስት እግር አይጂቢቲዎች የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደሉም፤ እነሱ በሊድ የተሠሩ ናቸው፣ በሊድ ይጠገኑ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በአገራችን እየበዛ የመጣውን የኤሌክትሪክ መኪና ኢንቨርተርም በዚህ መመሪያ አይክፈቱ፤ የውኃ ማቀዝቀዣውና የባትሪው ቮልቴጅ የራሱ ሥልጠና የሚጠይቅ ነው።

ሞጁሉን ሲያዙ ቁጥሩን እስከ መጨረሻው ፊደል ይገልብጡ። ብዙ አምራቾች ያንኑ ሞጁል በሊድ ፒንም በግፊት ፒንም ይሸጡታል፤ ልዩነቱ በስሙ ጅራት ላይ ነው። ለምሳሌ ኢንፊኔዮን በግፊት ለሚተከለው ከስሙ መጨረሻ ቢ11 የሚል ምልክት ያክላል። ያለዚያ ምልክት ያዘዘ ሰው ቀጥ ያለ ፒን ይደርሰውና ወደ ካውያ ይመለሳል። ፒኑን በጎኑ አይተው የመርፌ ዓይኑን ሳያረጋግጡ አይክፈሉ።

ኢንቨርተሩን ከመክፈትዎ በፊት ከመስመሩ ያላቁት፤ ከዚያ ይጠብቁ፤ ከዚያ ይለኩ። 380 ቮልት ሦስት ፌዝ ሲስተካከል 540 ቮልት ያህል ቀጥተኛ ቮልቴጅ ይሰጣል፤ ካፓሲተሮቹ መብራቱ ከጠፋ በኋላም ይዘውት ይቆያሉ። በመልቲሜትር ሁለቱን የካፓሲተር ጫፎች ለክተው ከ50 ቮልት በታች እስኪወርድ ድረስ እጅዎን አያስገቡ፤ ካልወረደ በወፍራም ሬዚስተር ያፍስሱት እንጂ በካቻቢቴ አያገናኙት። አዲሱ ሞጁል ደግሞ ሌላ አደጋ አለበት፤ የበሩ (ጌት) ፒን በእጅ ስታቲክ ኤሌክትሪክ ይቃጠላል። በበጋው ደረቅ አየር ይህ አደጋ ከክረምቱ ይብሳል። ከመሬት ጋር የተያያዘ የእጅ ማሰሪያ ያድርጉ፤ ሞጁሉ ሲመጣ ፒኖቹን የሚያገናኘውን ጥቁር ስፖንጅ ወይም ፎይል እስከ መጨረሻው ሰዓት አያንሱ።

ለመንቀል መጀመሪያ የሞጁሉን ቡሎኖች ከማቀዝቀዣው አሉሚኒየም ይፍቱ፤ ቦርዱና ሞጁሉ አብረው ይውጡ። ቦርዱን ከሞጁሉ ዙሪያ ብቻ በሚደግፉ ሁለት እኩል ቁመት ባላቸው ዘንጎች ላይ ያኑሩት፤ ሞጁሉ ወደ ታች ይንጠልጠል፤ ሥሩ ጨርቅ ያንጥፉ። ከላይ በለሰለሰ የአሉሚኒየም ሳህን የፒኖቹን ጫፎች ሁሉ እኩል ወደ ታች ይግፉ። ጫፎቹ ከቦርዱ ጋር ሲስተካከሉ ሳህኑ ሥራውን ይጨርሳል፤ ከዚያ በእያንዳንዱ ፒን ላይ የሚያርፍ ቀጭን ዘንግ ያለው ሁለተኛ ሳህን ያስፈልጋል። በአንድ ወገን አንስቶ በካቻቢቴ መፈልቀቅ ቦርዱን ያጎብጠዋል፤ የቀዳዳውን የመዳብ ግድግዳም ይቀድደዋል። ሞጁሉ ፈንድቶ ቅርጹ ከጠፋ ግን ፒኖቹን በመቁረጫ ከሥራቸው ይቁረጡና አንድ በአንድ ይግፏቸው፤ ያንን ሞጁል ማዳን ስለማይፈለግ ጥንቃቄው ሁሉ ለቀዳዳው ይሁን። ደህና ሆኖ የወጣ ሞጁል ደግሞ ዳግም በግፊት አይተከልም፤ ፒኖቹ አንዴ ታጥፈዋልና የሚገፉበት አቅም አልቋል። ያ ሞጁል የሚያገለግለው በሊድ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ቀዳዳው እንመጣለን፤ የሥራው ልብ እዚህ ስለሆነ ጊዜ ይውሰዱበት። ለትናንሽ ሞጁሎች የተለመደው አሠራር ቦርዱን በ1.15 ሚሊሜትር ፑንታ መብሳት፣ ግድግዳውን ቢያንስ በ25 ማይክሮን መዳብ መሸፈን፣ በላዩም ስስ ቆርቆሮ ማድረግ ነው፤ በመጨረሻ የሚቀረው ቀዳዳ 1 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል። ትላልቆቹ ፒኖች ከ2 ሚሊሜትር በላይ ቀዳዳ ይፈልጋሉ። ትክክለኛውን ልክ ከአምራቹ የአተካከል ሰነድ ይውሰዱ። ልዩ መለኪያ ከሌለዎት የአዳዲስ ፑንታዎችን ለስላሳ ጅራት ይጠቀሙ፤ የፑንታውን ጅራት በካሊፐር ይለኩና ለ1 ሚሊሜትሩ ቀዳዳ 0.9 የሆነው በቀላሉ የሚገባ፣ 1.1 የሆነው የማይገባ መሆኑን በየቀዳዳው ያረጋግጡ። 1.1 ከገባ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ አዲሱ ፒን እዚያ አይይዝም። ጠባብ ሲሆን በፑንታ ማስፋት ከሁሉ የከፋ ስሕተት ነው፤ መጋጠሚያውን የሚሠራው ያ 25 ማይክሮን መዳብ ነውና እሱን መፋቅ ማለት ቀዳዳውን ማጥፋት ማለት ነው። ከእርስዎ በፊት የነካው ሰው ሊድ አፍስሶበት ከሆነስ? በመምጠጫ ቢጸዳም ግድግዳው ላይ ወጣ ገባ ሽፋን ይቀራል፤ በእኔ ግምት የዚያ ቦርድ የግፊት ዘመን አብቅቷል፤ ከልብ ሆነው በሊድ ይሥሩት። ንጹሕ ሆኖ ካገኙት ግን የተተከለበትን ቀንና ስንተኛው እንደሆነ በቦርዱ ጠርዝ ላይ በማይለቅ ቀለም ይጻፉ፤ ቀጥሎ የሚከፍተው ሰው ማወቅ አለበት።

መሣሪያው ሁለት ሳህን ነው። የታችኛው ሞጁሉን ከሥሩ ጠፍጣፋ አድርጎ ይይዛል፤ የላይኛው ቦርዱን በፒኖቹ አጠገብ ይገፋል፤ የፒኖቹ ጫፎች እንዳይነኩት ግን በየቦታቸው ቀዳዳ ይኖረዋል። የላይኛው ሳህን ቦርዱን በመሐሉ ብቻ ከገፋው ቦርዱ ይጎብጣል፤ በላዩ ያሉት የሴራሚክ ካፓሲተሮችም በማይታይ ስንጥቅ ይበላሻሉ። ስለዚህ ከፒኖቹ 5 ሚሊሜትር ድረስ ሌላ ዕቃ መኖር አለመኖሩን ያረጋግጡ፤ ካለ በሳህኑ ላይ ቦታ ይፍቀዱለት። ይህን ሳህን መሥራት ለቶርኖና ለፍሬዛ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ አይሞላም። በባሕር ዳር፣ በቡሬና በፍኖተ ሰላም ባሉ የፖሊቴክኒክ ኮሌጆች ማሽኑም ተማሪውም አለ፤ በሶቪየት ኅብረት እገዛ በ1963 እንደ ፈረንጆች ቆጠራ የተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ገና ከጅምሩ የታሰበው ለእንዲህ ያለ ሥራ ነበር። አንድ ሳህን የሚያገለግለው ለአንድ የሞጁል ዓይነት ስለሆነ አንድ ወርክሾፕ ብቻውን ቢያሠራው ዋጋው ይከብዳል። በቡሬ የግብርና ማቀነባበሪያ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዙሪያ የሚሠሩ ጠጋኞች ግን በጋራ ቢያሠሩት ወጪው አይከብድም።

"ፕሬስ የለኝም" የሚለው ተቃውሞ በስሌት ይመለሳል። ለአንድ ፒን 100 ኒውተን እንያዝ፤ 30 ፒን 3,000 ኒውተን ይሆናል፤ ይህም የ300 ኪሎ፣ ማለትም የሦስት ኩንታል ክብደት ነው። ለኩሽኔታ ማውጫ የሚሠራበት የጋራዡ 20 ቶን ሃይድሮሊክ ይህን ከበቂ በላይ ያደርገዋል፤ ችግሩም እዚያው ላይ ነው። ሰዓቱ የሚቆጥረው በቶን ስለሆነ 0.3 ቶን ሲደርስ መርፌው መንቀሳቀሱ እንኳ አይታይም፤ ሞጁሉ ቢሰነጠቅ ማስጠንቀቂያ የለውም። ስለዚህ የምመርጠው በእጅ የሚጎተት አንድ ቶን የጥርስ ፕሬስ ነው፤ ኃይሉ እጅ ላይ ይሰማል። ያለው ሃይድሮሊክ ብቻ ከሆነ በሁለቱ ሳህኖች መሐል፣ ቦርዱ በሞጁሉ የማረፊያ እግሮች ላይ በሚያርፍበት ቁመት የተቆረጡ አራት የብረት መቆሚያዎች ያድርጉ። ኃይሉ ቢበዛ መቆሚያዎቹ ይሸከሙታል። መዶሻ አይታሰብ፤ ሞርሳም ሁለቱን ፊቶች ትይዩ አድርጎ ስለማይይዝ አልመክረውም።

ሲተክሉ ፒኖቹ ሁሉ በቀዳዳዎቻቸው አፍ መቀመጣቸውን በጎን በኩል በባትሪ ብርሃን ያረጋግጡ፤ አንድ የታጠፈ ፒን ሌሎቹን ሁሉ ያበላሻል። ከዚያ ሳይቆሙና ሳይቸኩሉ ይግፉ፤ ጥቂት ሚሊሜትር የሆነውን ጉዞ በአምስት ሰከንድ ያህል መጨረስ ይበቃል። እጅዎ ላይ የሚሰማው ግፊት እየጨመረ ይሄድና ጥቂት ይረግባል፤ ቦርዱ እግሮቹ ላይ ሲያርፍ በድንገት ይጠነክራል፤ እዚያ ያቁሙ። ምንም ሳይከብድ ከገባ ደስ አይበልዎ፤ ቀዳዳው ሰፊ ነው ወይም ፒኑ አስመስሎ የተሠራ ነው።

ሌላው ተቃውሞ "ሊዱን በዓይኔ አየዋለሁ፤ ይህን ግን በምን አምናለሁ?" የሚለው ነው። እኔ ደግሞ ዓይን በሊድ ላይም ብዙ ጊዜ ይሳሳታል እላለሁ፤ ከላይ ያበራ ጉብታ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል። በግፊት የተተከለውን ግን መለካት ይቻላል። የተለመደው መልቲሜትር ከ1 ሚሊኦም በታች ያለውን አያይም፤ ስለዚህ በፒኑና በቦርዱ መዳብ መካከል ከሚስተካከል ፓወር ሰፕላይ 1 አምፒር ያሳልፉ፣ በመጋጠሚያው ሁለት ወገን ያለውን ቮልቴጅ በሚሊቮልት ያንብቡ። 1 ሚሊቮልት 1 ሚሊኦም ነው፤ ጥሩ መጋጠሚያ ከዚያ በታች መሆን አለበት። ይህን ሲያደርጉ የበር ፒኖቹን ይተዉ፤ ትልቁን ጅረት የሚሸከሙትን ይለኩ። የፒኖቹ ጫፎች ከቦርዱ በላይ እኩል ብቅ ማለታቸውንም በካሊፐር ጥልቀት መለኪያ ይዩ። መጋጠሚያው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እየጠነከረ ስለሚሄድ ቦርዱን እስከ ማግስቱ ባያንቀጠቅጡት ይመረጣል።

ወደ ማቀዝቀዣው ሲመለሱ አሮጌውን ቴርማል ፔስት ሙሉ በሙሉ ጠርገው አዲሱን ከ0.1 ሚሊሜትር ባልበለጠ ስስ ሽፋን ይቀቡ፤ ብዙ ፔስት ሙቀትን ይዘጋል እንጂ አያሳልፍም። ቡሎኖቹን በሰያፍ፣ መጀመሪያ በላላ ኃይል፣ ቀጥሎ አምራቹ ባዘዘው ልክ በቶርክ ቁልፍ ያጥብቁ። ቦርዱ በሳጥኑ ላይ የራሱ መደገፊያ ምሰሶዎች ካሉት አንዳቸውም አይቅሩ፤ የከባድ ካፓሲተርን ንዝረት ፒኖቹ መሸከም የለባቸውም። ወፍጮ ቤት ለሚገባ ኢንቨርተር የማራገቢያውን የአየር መንገድ ከዱቄት ያጽዱ። የአካባቢውን ከፍታ አስበውም ኢንቨርተሩ ለሞተሩ ከተጻፈው ቢያንስ በ10 በመቶ የሚበልጥ አቅም ያለው መሆኑን ይመርምሩ፤ ካልሆነ ሞጁሉ የተቃጠለበት ምክንያት እሱ ሊሆን ይችላል፤ አዲሱንም ይከተለዋል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያበሩ ሞተሩን አያገናኙ። በቀጥተኛው ቮልቴጅ መስመር ላይ በፊውዙ ምትክ ሁለት ባለ 100 ዋት የድሮ አምፖሎች በተከታታይ ያስገቡ፤ ለ540 ቮልት አንዱ ብቻ አይበቃም፣ ሁለቱም ለጥቂት ሰከንድ እንጂ ለረጅም ጊዜ አይቆዩም። አምፖሎቹ ለአፍታ በርተው ከደበዘዙ ካፓሲተሮቹ ሞልተዋል ማለት ነው፤ ደምቀው ከቀሩ አጭር ዙር አለ፣ ወዲያው ያጥፉ። ደብዝዘው ከቆዩ አጥፍተው፣ ቮልቴጁ እስኪወርድ ጠብቀው ፊውዙን ይመልሱ፤ ሞተሩን ያለ እህል ያሽከርክሩ፤ ከዚያ በግማሽ ጭነት፣ ከዚያ በሙሉ። በሙሉ ጭነት አንድ ሰዓት ከሠራ በኋላ የማቀዝቀዣውን አሉሚኒየም ሙቀት ይለኩና ከቀኑ አየር ሙቀት ጋር በማስታወሻዎ ይመዝግቡ። በሚቀጥለው ወር በተመሳሳይ ጭነት ሲለኩት ልዩነቱ ከአየሩ ጋር የማይሄድ ጭማሪ ካሳየ፣ ቦርዱን ከመንካትዎ በፊት ፔስቱን፣ ማራገቢያውንና የቡሎኖቹን ጥብቀት በዚሁ ቅደም ተከተል ይመርምሩ።